ሊምፎማ ጣፊያንና አንጀትን ሲይዝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ61 ዓመቱ አባቴ ሊምፎማ የተባለ የነጭ ደም ሕዋሳት ካንሰር ጣፊያቸውንና ትንሹን አንጀታቸውን እንደያዛቸው ተነግሮን በቅርቡ ኬሞቴራፒ ይጀምራሉ። ሐኪማቸው «ድንገት ሆዳቸውን ካመማቸው ሌሊትም ቢሆን ይዛችኋቸው ኑ» ብሎናል። ምን ተፈርቶ ነው? አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና ቢወጣስ አይሻልም?
ሳ.፣ ከደሴ

መልስ፦ ምክሩ ትክክል ነው። የሚፈሩት ችግሮች እምብዛም አያጋጥሙም፤ ከመጡ ግን ፋታ አይሰጡም።

ጣፊያ በሊምፎማ ሲያብጥ ሽፋኑ ይወጠራል፤ አልፎ አልፎም በቀላል ምት ወይም ያለ ምንም ምት ይቀደድና ደም ወደ ሆድ ይፈስሳል። ከግራ ጎድን ሥር የሚጀምር፣ ወደ ግራ ትከሻ የሚወጣ ሕመም ዋና ምልክቱ ነው። ፊት ከገረጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃቸውና ብድግ ሲሉ ካዞራቸው አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። ሆዳቸውን ማንም እንዳያሻቸው፤ ወጌሻም ቢሆን።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አንጀቱ ነው። ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ቦታውን ተክቶ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ዕጢውን ሲያጠፋው ስፍራው ቀዳዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ የሕክምና ሳምንታት ይከሰታል። አንጀት ሲበሳ ሆድ እንደ ጣውላ ይደርቃል። ነገር ግን ከኬሞቴራፒው ጋር ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሕመሙም ትኩሳቱም ሊደበዝዝ ይችላል። ታማሚው «ጨጓራዬ ነው፣ ሲነጋ ይሻለኛል» ይላል፤ ቤተሰብም ያምናል። እባክዎ በእነዚህ ሳምንታት ጨጓራ ነው የሚለውን ሐኪም መርምሮ ይበል። የሆድ መነፋት ከተደጋጋሚ ማስታወክ ጋር ከመጣ፣ ሰገራና አየርም መውጣት ካቆሙ፣ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ያው ድንገተኛ ነው።

ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ፣ ሊምፎማ በመላ ሰውነት ሊሰራጭ የሚችል በሽታ ስለሆነ ዋናው ሕክምና መድኃኒት ነው። አስቀድሞ ከተቀደዱ ቁስሉ እስኪጠግግ ኬሞቴራፒው ይዘገያል፤ ስለዚህ ቢላዋ በአብዛኛው ለመድማት፣ ለመበሳትና ለመዘጋት ይቆያል። የመበሳት ስጋቱ ከፍ ያለ መስሎ ከታያቸው ግን ሐኪሞቹ ተማክረው የተያዘውን አንጀት አስቀድመው ሊቆርጡት ይችላሉ፤ ይህን ሲቲ ስካኑን አብረው እያዩ ይጠይቋቸው። ጣፊያ ከወጣ ደግሞ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባቶች ያስፈልጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ በዕድሜ ልክ ማንኛውም ትኩሳት በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ከሁሉ አስቀድማችሁ «ሊምፎማ አለባቸው፣ ኬሞቴራፒ የወሰዱት በዚህ ቀን ነው፣ ፕሬድኒሶሎን ይወስዳሉ» በሉ። የመድኃኒቱን ወረቀት ከአሁኑ በቦርሳ ውስጥ አስቀምጡት፤ እስክትደርሱም ምግብ አይቅመሱ፣ ዲክሎፌናክም አይዋጡ።