የ1960ዎቹን ፖስተሮች ሳይገለብጡ ከእነርሱ ስለ መማር

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹን የሳን ፍራንሲስኮ የሙዚቃ ፖስተሮች አብዝተው እንደሚወዱ፣ ሆኖም በዚያ መንፈስ የሚሠሩት ሁሉ ቅጂ እየመሰለ እንዳስቸገረዎት ጽፈዋል። እንደ እኔ አስተያየት፣ ችግሩ የሚመጣው የዘመኑን ዘዴ ትቶ መልኩን ብቻ ከመውሰድ ነው።

በ1966 በነዚህ ፖስተሮች የታወቀው ዌስ ዊልሰን ራሱ ወደ ኋላ ተመልካች ነበር፤ የፊደል አጣጣሉን የቀሰመው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በቪየና ይሠራ ከነበረው ከንድፍ አውጪው ከአልፍሬድ ሮለር ነው። ሮለር ፊደላትን እንደ ጡብ፣ ክፍተት ሳይተው ይደረድራቸው ነበር፤ ዊልሰን ደግሞ ያንን ጡብ አቅልጦ እንደ ነበልባል አወዛወዘው። ሌላው የዘመኑ ፖስተር ሠሪ ቪክቶር ሞስኮሶም በዬል ዩኒቨርሲቲ ከጆሴፍ አልበርስ የተማረውን የቀለም ትምህርት በራሱ መንገድ ተጠቀመበት፤ የብርሃን መጠናቸው ተቀራራቢ የሆኑ ተቃራኒ ቀለሞችን፣ ለምሳሌ ቀይንና አረንጓዴን፣ ጎን ለጎን ሲያኖራቸው ዓይን ጠርዛቸውን መለየት ስለሚያቅተው ጽሑፉ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። (በስክሪን ላይ ለሚነበብ ረጅም ጽሑፍ ግን ይህን አይሞክሩት።)

ስለዚህ አንድ ፖስተር ብቻ ይምረጡና ስስ ወረቀት ደርበው በፊደላቱ መካከል የቀረውን ባዶ ቦታ በእርሳስ ያጥቁሩ። ፊደሉ ሳይሆን ክፍተቱ ቅርጽ ሲይዝ ያያሉ። ከዚያም ፖስተሩን ከዓይንዎ አርቀው፣ ያገኙትን ደንብ ከሙዚቃ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌለው ሥራ፣ ለምሳሌ ለሒሳብ መጽሐፍ ሽፋን፣ ያውሉት፤ የቀለም ምርጫውንም ከዚያው ከይዘቱ እንጂ ከፖስተሩ አይውሰዱ።