«ተው» ሲሏችሁ ምክንያቱን ጠይቁ

ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ውስጥ በቶርኖ (ብረት እያሽከረከሩ መቅረጫ ማሽን) ሥራ ዕድሜዬን የገፋሁ ሰው ነኝ። ብዙ ተለማማጅ ሲመጣና ሲሄድ ስላየሁ፣ የሰው ቅስም ስለሚሰብር አፍ ጥቂት የምላችሁ አለኝ።

ከሠራሁባቸው ቤቶች በአንዱ ሁለት ፎርማኖች ነበሩ። አንደኛው፣ ልጁ የብሎን ጥርስ ሲያወጣ እጁ ከተንቀጠቀጠ «የአንተ እጅ ለብረት አልተፈጠረም፤ ሂድና ሻይ ሽጥ» ይለዋል። (ሻይ መሸጥ ምን ነውር እንዳለው እስከ ዛሬ አልገባኝም።) ሌላው ማሽኑን ያጠፋና ብረቱን በካሊበር ለክቶ «ተው፣ አትቀጥል፤ መቁረጫው ደንዝዟል፣ ጥርሱን ይበላዋል» ይላል። ሁለቱም ልጁን አስቁመውታል። የፊተኛው ልጆች ግን ማሽን መንካት እየፈሩ የብረት ብናኝ ሲጠርጉ ከረሙ፤ የኋለኛው ልጆች መቁረጫ መሳል ተማሩ።

ስለዚህ «ተው» ያላችሁን ሁሉ ምቀኛ አታድርጉት፤ ዘንድሮ «ምቀኛ» የሚለው ቃል በጣም ረክሷል። ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው «በዚያ አይሆንም» ስለተባለ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ተራራውን ማውጣት ግን ወጪው ስለከበደ፣ መስመሩ ከታች በሜዳው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ፤ በዙሪያው የበቀለችውም ከተማ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። መንገዱ ተቀየረ እንጂ ሥራው አልቀረም፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ቤት አትሥሩ የሚሉ ሽማግሌዎችንም ወኔ ሰላቢ የሚላቸው አይጠፋም። አሸዋው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነዋ! በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

«ተው» የማለቱ ተራ ለእናንተም ይደርሳል። ጓደኛችሁ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ሊሻገር ለደላላ ገንዘብ ሲያሰባስብ ታገኙታላችሁ። «አንተ ደግሞ የት ልትደርስ!» ብትሉት እልህ ይዞት በማግስቱ ይሄዳል። አጠገቡ ተቀመጡና መጀመሪያ ምን እንዳስመረረው አስወሩት። በረሃውን፣ ከልኩ በላይ ሰው የሚታጨቅበትን ጀልባ፣ ማዶ ያለውን ጦርነት፣ ቤተሰብህ ገንዘብ ይላክ እያለ የሚደበድበውን አጋች ሳታጋንኑ ንገሩት። ለደላላው የሚከፍለው ገንዘብ ያገለገለ የብየዳ ማሽን ይገዛ እንደሆነም አብራችሁ ገበያ ወርዳችሁ ዋጋ ጠይቁ። በወሬ ብቻ ከመከራከር ይህ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ «እሄዳለሁ» ካለ ተኮራርፋችሁ አትለያዩ። ስልኩን መንገድ ላይ ሊቀሙት ይችላሉ፤ የእናቱን ቁጥር በቃሉ እስኪይዘው ድረስ አስጠኑት።