«ጌጁ ነው የሚዋሸው» ከማለታችሁ በፊት

ጣና ላይ የጀልባ ሞተር ስፈታና ስገጥም ሸብቻለሁ። ስጀምር ግን ካቻቢቴ ከእጄ የማይለይ፣ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ስለ ሞተር ሙቀት ልጽፍላችሁ የተነሳሁት በዚህ ሳምንት ሁለት ልጆች በየተራ መጥተው ያንኑ ነገር ስላሉኝ ነው፦ «ጋሼ፣ ሞተሩ ደህና ነው፤ ጌጁ ነው የሚዋሸው።» ጌጅ የምንለው የሞተሩን ሙቀት በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ ነው።

እኔም ብዬው አውቃለሁ። ምን እንዳስከፈለኝ ልንገራችሁ።

ዲዝል ሞተር የተገጠመላት ጀልባ ነበረች። ወደ ዘጌ ስንሄድ ነዳጅ ስጨምርላት የሙቀቱ መርፌ ቀስ እያለ ይወጣል። ልንደርስ ስንል ስቀንስ ይወርዳል። ዳር አስሬ ግማሽ ሰዓት ባስነሳት ደግሞ ንቅንቅ የለም፤ ውሃውም ከጭሱ ጋር በኋላ በኩል ደህና ይተፋል። ፖምፓውን ፈታሁ፤ ኢምፔለሩ፣ ውስጡ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ፣ አዲስ ነው። ቴርሞስታቱን፣ ሙቀት ሲደርሰው የውሃውን መንገድ የሚከፍተውን በር፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፤ ይከፍታል። ታዲያ ማን ቀረ? ጌጁ! ገመዱን ነቅዬ ጫፉን በፕላስተር ጠቀለልኩና ተገላገልኩ።

በአራተኛው ቀን ከደቅ ስንመለስ መሀል ሐይቅ ላይ የሞተሩ ድምፅ ጎረነነ፤ ነጭ እንፋሎት ተፋ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ከሰዓት ነበርና ነፋሱ ተነስቷል። ተሳፋሪው ኪዳነ ምሕረትን ይጠራል። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ሌላ ጀልባ ደርሶ ጎትቶ አወጣን።

ሲከፈት የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ራስ፣ ጓርኒሲዮን (መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፤ ቴስታታውም ጠሟል። ጥፋተኛው ግን የተገኘው ሞተሩ ተጠግኖ ከተገጠመ በኋላ ነው። ያገኙትም ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። «ነዳጅ ስጠው» አሉኝና የወለሉን ሳንቃ አንስተው ጎንበስ አሉ። «ና እይ!» ከሐይቁ ውሃ የሚስበው የጎማ ቱቦ፣ ሞተሩ ሲጮህ፣ ከረሜላ እንደሚመጥ ልጅ ጉንጭ ወደ ውስጥ ስርጉድ ብሎ ተጣብቋል። ነዳጁን ስቀንስ መልሶ ተነፋ። ከውጭ ሲያዩት ምንም የለበትም። ከውስጥ ግን አርጅቶ ልፍስፍስ ብሏል። በዝግታ ሲሠራ የፖምፓው መሳብ ደካማ ስለሆነ ውሃ ያልፋል፤ ሲፈጥን ግን ፖምፓው የገዛ ጉሮሮውን ያንቃል። ጌጁ ገመዱን እስክነቅልበት ድረስ እውነቱን ሲነግረኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መፍቻ ከማንሳቴ በፊት የምጠይቀው «መቼ ነው የሚሞቀው?» ብዬ ነው። ሲፈጥን ብቻ ከሆነ የውሃውን መንገድ ተከተሉ፤ የሆነ ቦታ ጠቧል። ቱቦው ሊሆን ይችላል፣ ማጣሪያው ሊሆን ይችላል፣ መግቢያው ላይ የተለጠፈ ፌስታልም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ እምቦጭ ከታየ ወዲህ ደግሞ ሥራ በዝቶልናል። ሥሩ እንደ ፀጉር ነው። በመሳቡ ኃይል መግቢያው ላይ ይለጠፍና ሞተሩን ስታጠፉ ለቆ ይሄዳል። ዳር ደርሳችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። ከዚያ ጌጁ ይሰደባል።

በዝግታ ሲሄድ እየሞቀ ሲፈጥን የሚሻለው ከሆነ ግን ኢምፔለሩን እዩት። ያለ ውሃ ከተሽከረከረ በአፍታ ይቃጠላል። ክንፎቹ ተበጥሰው ካገኛችሁ አዲስ ገጥማችሁ አትሂዱ። የጎደሉትን ቁራጮች ቁጠሩ፤ አንድ በአንድ ፈልጉ። ያልተገኘው ቁራጭ ወደፊት ሄዶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ተቀምጧል። ከወር በኋላ ያስጠራችኋል።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የሚባለውን ፈሊጥ ደግሞ አልወደውም። ሁልጊዜ በብርድ የሚሠራ ሞተር ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም። አንዳንዱ ሞተር ላይ እንዲያውም ውሃው አቋራጭ መንገድ ያገኝና ሙቀቱ ይብሳል። የመኪና ቴርሞስታት አውትቦርድ ላይ፣ ከጀልባው ጀርባ በሚንጠለጠለው ሞተር ላይ፣ የገጠመም አይቻለሁ! የመኪናው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው የሚከፍተው፤ የአውትቦርዱ ግን በአብዛኛው 50 እና 60 መካከል።

ጌጅም እኮ ይበላሻል። ግን ሳትመረምሩ አትፍረዱበት። ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተሩን አታስነሱ። ገመዱን ከሴንደሩ፣ ሞተሩ ላይ ተጠምዝዞ ሙቀቱን ለጌጁ ከሚነግረው ዕቃ፣ ላይ ንቀሉት። አብዛኛው ጌጅ ላይ መርፌው ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ መውረድ አለበት። ገመዱን አሁን የሞተሩን ብረት አንዴ አስነኩት፤ ወደ ሙቁ ጫፍ መሮጥ አለበት። ሁለቱንም ካደረገ ጌጁም ገመዱም ጤነኛ ናቸው፤ ሴንደሩን ጠርጥሩ። መብራት ስታበሩ መርፌው የሚዘል ከሆነ የጌጁ ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር) ዝጓል፤ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት። ሴንደር ስትቀይሩም ጥርሱን በነጭ ቴፕ አትሸፍኑት፤ ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጎበዝ ልጅ ሴንደሩን ፈትቶ፣ ገላውን በሽቦ ከሞተሩ አያይዞ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተው። ዘዴው ትክክል ነው። ጌጁ 94 አነበበ። «ስድስት ዲግሪ ይጎድለዋል» ብሎ ሊጥለው ሲል ደረስኩ። ጣና እኮ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ውሃ 100 ላይ አይፈላም፤ 94 አካባቢ ነው። እንዲያ ያለ ጌጅ በስንት መከራ ይገኛል! የራዲያተር ክዳን የላላበት ሞተርም እዚህ ቶሎ የሚፈላው ለዚሁ ነው፤ ክዳኑ ነው ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ዲግሪ ከፍ የሚያደርገው።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ሲወጣ የነበረ መርፌ በድንገት ከወረደ ደስ አይበላችሁ። ውሃው አልቆ ሴንደሩ አየር ላይ ቀርቶ ይሆናል። ቶሎ አጥፉ። ነፋሱ ወደ ድንጋይ የሚገፋ ከሆነ መልህቅ ጣሉ። የጋለ ቴስታታ ላይ የሐይቅ ውሃ አትድፉ፤ ይሰነጠቃል። ክዳኑንም ሳይበርድ አትንኩ። የቀኝ እጄን ጠባሳ ያያችሁ ታውቃላችሁ።

ከሁለቱ ልጆች የአንደኛው ነገር እውነትም ጌጁ ነበር፤ ማሳው ዝጎ። ሌላኛውን ሳንቃውን አንስቶ፣ ረዳቱ ነዳጅ እየሰጠ፣ ቱቦውን እንዲያይ ልኬዋለሁ። እስካሁን አልተመለሰም።