የሩጫ ሰዓቴን መረጃ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ልስጥ?

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ላለፉት ሦስት ዓመታት በሥራ ቀናት ማለዳ ሰፈሬን እየዞርኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቼ ወደ እንጦጦ እየወጣሁ እሮጣለሁ። የእጅ ሰዓቴ የልብ ምቴን፣ ፍጥነቴን፣ እንቅልፌንና የሮጥኩበትን መንገድ ይመዘግባል። ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እየተዘጋጀሁ ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ ስልኬ ላይ ካለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ጋር አገናኝቼ እንደ አሰልጣኝ እንዲመክረኝ አስቤ ነበር። ባለቤቴ ግን «የማናውቀውን ሰው በየማለዳው ከበራችን ልታስከትል ነው?» ብላ ተቃወመችኝ። ማናችን ነን ትክክል?

ሯጩ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የባለቤትዎ ሥጋት መሠረት አለው። ስትራቫ የተባለው የሩጫና የብስክሌት መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የተጠቃሚዎቹን እንቅስቃሴ በአንድ ላይ በሚያበሩ መስመሮች የሚያሳይ የዓለም ካርታ አውጥቶ ነበር። በካርታው ላይ የማንም ስም አልሰፈረም፤ ሆኖም በጃንዋሪ 2018 አንድ አውስትራሊያዊ ተማሪ፣ በአፍጋኒስታንና በሶሪያ ጨለማ ቦታዎች መካከል ለብቻቸው የሚያበሩት መስመሮች ወታደሮች በየጦር ሠፈራቸው የሚሮጡባቸው መንገዶች መሆናቸውን አስተዋለ። የእርስዎ መዝገብ ደግሞ ስምዎን የያዘ ነው፤ የሥራ ቀን ሩጫዎ ሁሉ ከአንድ በር ተነሥቶ እዚያው በር ላይ የሚያበቃ በመሆኑ፣ ቤትዎ የት እንደሆነና በስንት ሰዓት ከቤት እንደማይገኙ ለማወቅ ብዙ ብልኀት አይጠይቅም።

ይህ ሲባል ግን ምክር አይጠይቁ ማለታችን አይደለም። ልዩነቱ ያለው በአሰጣጡ ላይ ነው። የሰዓትዎን መተግበሪያ ከረዳቱ ጋር ሲያገናኙ የሚሰጡት የዛሬውን መረጃ ብቻ ሳይሆን፣ እርስዎ እስኪሰርዙት ድረስ የሚሠራ የመግቢያ ፈቃድ ነው፤ ነገ የሚሮጡትም፣ የሚተኙትም በዚያው በር ሊያልፍ ይችላል። ስትራቫ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሌሎች መተግበሪያዎች ከእርሱ የሚወስዱትን መረጃ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ማሠልጠኛ እንዳያውሉት ከልክሏል፤ ነገር ግን ይህ ክልከላ በእርሱ በር የሚገቡትን መተግበሪያዎች እንጂ፣ እርስዎ ራስዎ አውርደው ለረዳቱ የሚሰጡትን ፋይል አይመለከትም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው በረዳቱ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው፣ ውይይትዎ ለሞዴሉ ማሻሻያ እንዳይውል የሚያደርግ ምርጫ ካለ ይጠቀሙበት።

እኛ የምንመክረው የመጨረሻዎቹን ስምንት ሳምንታት በራስዎ እጅ በሠንጠረዥ እንዲጽፉ ነው፦ ቀኑን፣ ርቀቱን፣ የወሰደብዎትን ጊዜ፣ አማካይ የልብ ምትዎን እና በዕለቱ የተሰማዎትን ድካም። አሰልቺ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ብዙ ሯጮች ግን ስሕተታቸውን የሚያዩት እየጻፉ ሳለ ነው። የጂፒኤስ ፋይሉን ግን አይስጡ፤ የረገጡትን ቦታ ሁሉ ከነሰዓቱ የያዘ ነውና። የእንቅልፍዎ መዝገብም ለአሥር ኪሎ ሜትር ዝግጅት ምክር ያን ያህል አያስፈልግም።

ካርታውን ሲያስቀሩ ግን ከፍታውም አብሮ ይቀራል፤ በአዲስ አበባ ለሚሮጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ስትሆን፣ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ልብ ለተመሳሳይ ፍጥነት የበለጠ ይመታል። ይህን ያልተነገረው ረዳት የቅዳሜውን ቁጥር አይቶ፣ እርስዎ ዳገት እየወጡ ሳሉ «ከመጠን በላይ ደክመዋል፣ ይረፉ» ሊልዎት ይችላል። ስለዚህ «ዳገት፣ ከፍታ ከ2,600 እስከ 3,000 ሜትር» ብለው በቃል ይንገሩት፤ ቤትዎን ሳያሳዩ የሚያስፈልገውን ነገሩት ማለት ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ቁጥሩ ራሱ ነው። የእጅ ሰዓት የልብ ምትን የሚለካው በብርሃን በመሆኑ፣ አንዳንዴ ልብዎን ትቶ እርምጃዎን ይቆጥራል፤ በዝግታ ሲሮጡ በደቂቃ 175 የሚል ቁጥር ካዩ፣ ከልብዎ በፊት ሰዓቱን ይጠርጥሩ። ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት ከ220 ላይ ዕድሜን የመቀነሱ ስሌትም ለእርስዎ 179 ይሰጣል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ትክክለኛ ጣሪያ ከዚህ በአሥር ምትና ከዚያም በላይ ሊራራቅ ይችላል። ረዳቱ እንዲህ ያለውን ቁጥር ሳይጠራጠር ተቀብሎ ያማረ የልምምድ ዕቅድ ይሠራልዎታል፤ በእኛ ግምት ከመረጃ መሾለክ ባልተናነሰ የሚያሳስበው ይህ ነው። በደረት ላይ የሚታሰር መለኪያ ካገኙ የተሻለ ይታመናል። በሩጫ ላይ የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማዎት ደግሞ ጥያቄው የሐኪም እንጂ የረዳቱ አይደለም።

ምናልባት ይህን መልስ ከማንበብዎ በፊት አገናኝተው ከሆነ፣ ረዳቱን ከስልክዎ ማጥፋት ብቻውን ፈቃዱን አይሰርዝም። ወደ ሰዓቱ መተግበሪያ ገብተው ከተገናኙት መተግበሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ያስወግዱት፤ ከዚያ ቀደም ብሎ የተወሰደው መረጃ እንዲሰረዝልዎ ደግሞ ለረዳቱ ባለቤት ድርጅት ለብቻው ይጠይቁ።