እማዬን ማሳጅ ላስደርጋት?

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን እያመማት እንቅልፍ የላትም፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወክ ማድረግም ትታለች፣ ማሳጅ ላስደርጋት ስል ወንድሜ «አጥንቷን ሊሰብሯት ነው» ይለኛል፣ ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድምሽ ብዙም አልተሳሳተም፣ አጥንታቸው የሳሳ ከሆነ ጠንካራ ማሳጅ አይሆንም። ግን ከጉልበት በላይ ያለው የጭን ጡንቻ ቀስ ተብሎ ሲታሽ ህመሙን ለጊዜው ቀለል ያደርጋል፣ ሰውነት ስለሚፍታታም እንቅልፍ ሊሻሻል ይችላል፤ የተበላ መገጣጠሚያ ግን አይመልስም፣ እንመልሳለን ለሚል ብር አትክፈሊ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቂ፣ ትንሽ ጫን ሲሏቸው ይበልዛሉ። አንዱ ባታቸው ብቻ ካበጠና ከሞቀ ደሞ ጭራሽ እንዳትነኪው፣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ በቀጥታ ሆስፒታል! ካልሆነ እቤት እጅሽን አሙቀሽ ቫዝሊን ነክተሽ 10 ደቂቃ እሺያቸው፣ ፊታቸውን እያየሽ ግን፣ ቢያማቸውም ዝም ሊሉሽ ይችላሉ።