የዳታቤዝ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ)፦ ከጅማ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ከሄርማታ፣ መድኃኒት ቤት፦ የማይኤስኪዩኤልን (የዳታቤዝ ፕሮግራሙን) ዳታ ፎልደር ማታ ማታ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። ይበቃል?

አይበቃም። ሰርቨሩ ሥራ ላይ እያለ ሲገለበጥ አንዱ ፋይል የቅድሙን፣ ሌላው የአሁኑን ይዞ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ቅጂ መልሶ ላይነሳ ይችላል። በምትኩ ዳታቤዙን ወደ አንድ ፋይል የሚያወጣውን ማይኤስኪዩኤል ደምፕን «ሲንግል ትራንዛክሽን» ከሚለው አማራጭ ጋር ይጠቀሙ። ሽያጭ ሳይቆም የአንድ ቅጽበት ወጥ ቅጂ ያወጣል፤ ቴብሎቹ ግን ኢኖዲቢ የሚባለው ዓይነት መሆን አለባቸው። «ራውቲንስ» (ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጡ ፕሮግራሞች) እና «ኢቨንትስ» (በሰዓታቸው የሚነሱ ሥራዎች) የሚሉትንም ይጨምሩ፤ ካልታዘዘ ይዘላቸዋል። ሲጨርስ የፋይሉን የመጨረሻ መስመር ይዩ። «ደምፕ ኮምፕሊትድ» የሚለው ከሌለ ፍላሹ ሞልቶ ወይም መብራት ሄዶ መሐል ላይ ተቋርጧል። ፍላሹን ነቅለው ያስቀምጡ፤ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ከገባ ተሰክቶ ያገኘውን ሁሉ ይቆልፋል። ሌላ ቅጂ ደግሞ ቤትዎ ይኑር።

ከመርካቶ፣ ቡና ነጋዴ፦ ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲሠራ፣ ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ክሮን ላይ 8 ብዬ ሞላሁ፤ ጠዋት ቡና ስንረከብ ግን ሲስተሙ ይንቀራፈፋል።

የክሮን 8 የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ለሌሊት 8 ሰዓት 2 ብለው ይሙሉ። የተከራዩት ሰርቨር ሰዓቱ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ ሰዓት) ከሆነ 3 ሰዓት ይቀነሳል፤ 23 ይሆናል። ክሮን ያመለጠውን አያካክስም፤ ስለዚህ ማሽኑን ማታ የሚያጠፉት ከሆነ የምሳ ሰዓት ይሻላል። በቡና ወቅት የአንድ ቀን ርክክብ መጥፋት ከባድ ኪሳራ ነውና ባይነሪ ሎጉንም (እያንዳንዱ ለውጥ የሚመዘገብበትን ፋይል) በየሰዓቱ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። በማይኤስኪዩኤል 8.0 ሳይነኩት የበራ ነው። ከሌሊቱ ባክአፕ በኋላ የተመዘገበውን ከእሱ ማስገባት ይቻላል፤ ከየት እንደሚጀመር እንዲታወቅ ደምፑን ሲያወጡ «ሶርስ ዳታ 2» ይጨምሩ።

ሬይድ 1 (ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ዳታ የሚይዙበት) አለኝ፤ ባክአፕ ለምን?

በስህተት የተሰረዘ ቴብል ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል።

ከጅሬን፣ ትምህርት ቤት፦ ሪስቶር ስናደርግ (ባክአፑን መልሰን ስናስገባ) የተማሪዎች ስም ጥያቄ ምልክት ሆነ።

የደምፑን ፋይል በኖትፓድ ይክፈቱ። ፊደሉ በትክክል ከታየ ዳታው ደህና ነው፤ ችግሩ የሚቀበለው ቴብል ላቲን1 (የእኛን ፊደል የማይይዝ የፊደል አቀማመጥ) መሆኑ ሳይሆን አይቀርም። የእኛን ፊደል ወደሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይረው እንደገና ያስገቡ። ፋይሉም ውስጥ ጥያቄ ምልክት ካለ ከእሱ ምንም አይገኝም፤ ዋናው ዳታቤዝ ካለ እሱን ሳይነኩ አዲስ ደምፕ ያውጡ። ዊንዶውስ ላይ በፓወርሼል የ«ይበልጣል» ምልክት ተጠቅመው አያውጡ፤ ፋይሉን ዩቲኤፍ-16 ወደሚባል ሌላ የፊደል አቀማመጥ ይቀይረዋል። በምትኩ «ሪዛልት ፋይል» የሚለውን አማራጭ ይጠቀሙ።

ሪስቶር መሞከር ግድ ነው?

ግድ ነው፤ ቢያንስ በወር አንዴ። ግን ሥራ ላይ ባለው ሰርቨር አይሞክሩ። ደምፑ «ዳታቤዝስ» በሚለው አማራጭ ከወጣ ውስጡ «ዩዝ» የሚል መስመር ይኖራል፤ ሌላ ስም ያለው ባዶ ዳታቤዝ ቢመርጡም ሄዶ ዋናው ላይ ይጽፋል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያስገቡት፤ ከዚያ የመጨረሻውን የደረሰኝ ቁጥር ባክአፑ በተወሰደበት ሌሊት ከነበረው ጋር ያመሳክሩ፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀም ይመዝግቡ። ሰርቨሩ በወደቀ ቀን ደንበኛ «መቼ ይመለሳል?» ሲልዎት የሚነግሩት ያን የደቂቃ ቁጥር ነው።