ራም አነሰ ተብሎ ኤኤስኤልአር አይጠፋም

ጥያቄው ባጭሩ፦ 4 ጊጋባይት ራም ያለው የሊኑክስ ሰርቨር ላይ በጉኒኮርን (የፓይተን ዌብ ሰርቨር) 40 የፓይተን ወርከሮች፣ ማለትም ጥያቄ የሚያስተናግዱ ፕሮሰሶች፣ ይሠራሉ። ቶፕ (የፕሮሰሶችን የሜሞሪ አጠቃቀም የሚያሳየው ትእዛዝ) ላይ እያንዳንዱ 150 ሜጋባይት ያሳያል፤ ሲደመር 6 ጊጋባይት። ጓደኛዎ «ኤኤስኤልአር አድራሻ ስለሚያዘበራርቅ ላይብረሪ መጋራት አልቻሉም፤ ራንደማይዝ_ቪኤ_ስፔስን 0 አድርገው» ብሎዎታል። ኤኤስኤልአር ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር የሜሞሪ አድራሻዎቹን በዘፈቀደ የሚቀያይር የደህንነት መከላከያ ነው፤ ራንደማይዝ_ቪኤ_ስፔስ ደግሞ እሱን የሚያበራውና የሚያጠፋው የከርነል ቅንብር።

አይንኩት። ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዘው የዲስክ ቦታ) ሳይነካ 6 ጊጋ በ4 ጊጋ ውስጥ መቀመጡ ራሱ ፔጆቹ (ሜሞሪ የሚከፋፈልባቸው ቁራጮች) በጋራ እንደተያዙ ይመሰክራል። ቶፕ የጋራውን ፔጅ በየፕሮሰሱ ደጋግሞ ይቆጥረዋል።

ኤኤስኤልአር የሚቀይረው ፕሮሰሱ የሚያየውን አድራሻ እንጂ ራም ላይ ያለውን ቦታ አይደለም። የሊብሲ (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የሲ ላይብረሪ) ኮድ አንዴ ከዲስክ ተነቦ ፔጅ ካሽ ውስጥ፣ ማለትም ከርነሉ ከፋይል ያነበበውን በሚያቆይበት የራም ክፍል ውስጥ፣ ይገባል፤ ሁሉም በየራሱ ፔጅ ቴብል (የአድራሻ ማውጫ) ወደዚያው ይጠቁማል። ለየብቻ የተነሡ ሁለት ፕሮግራሞችን ማፕስ ፋይል (ፕሮክ ስር ያለው የፕሮሰሱ የአድራሻ ዝርዝር) ጎን ለጎን ይክፈቱ። የሊብሲ መነሻ አድራሻ ይለያያል፣ የመጨረሻዎቹ 3 አሃዞች ግን ሁለቱም ጋ 000 ናቸው። ማዘበራረቁ በ4096 ባይት ብዜት፣ ማለትም በሙሉ ፔጅ ስለሚሄድ የፔጁ ይዘት እንዳለ ይቆያል።

መጋራትን የሚያፈርሰው መጻፍ ነው። አንድ ፕሮሰስ የጋራ ፔጅ ላይ ሲጽፍ ከርነሉ የግል ቅጂ ይሰጠዋል። ሎደሩ (ላይብረሪዎችን የሚጭነው ፕሮግራም) አድራሻ የሚሞላባቸው የዳታ ፔጆች እንዲህ ይቀዳሉ፤ ጥቂት ስለሆኑ አያስጨንቁም። የሚያስጨንቀው ያለ ኤፍፒክ (ኮዱ የትኛውም አድራሻ ላይ ሳይታረም እንዲሠራ የሚያደርግ የኮምፓይለር አማራጭ) የተሠራ የ32 ቢት ላይብረሪ ነው፦ ኮዱ ራሱ ስለሚታረም በየፕሮሰሱ ይባዛል። በሪድኤልፍ (የፕሮግራም ፋይል መመርመሪያ ትእዛዝ) ሲያዩት ቴክስትሬል (ኮዱ እንደሚታረም የሚያሳይ ምልክት) የሚል መስመር ካለ እንደገና ኮምፓይል ይደረግ።

አሁን ይለኩ። ፕሮክ ስር በየወርከሩ ቁጥር ያለውን ስማፕስ_ሮልአፕ ከፍተው የፒኤስኤስን መስመር ይደምሩ፤ እሱ የጋራውን ፔጅ ለተጋሪዎቹ አካፍሎ ይቆጥራል። ቀጥሎ ፕራይቬት_ደርቲን (ወርከሩ ጽፎበት ለብቻው የያዘውን መጠን) ይዩ። ትልቅ ከሆነ ጥፋቱ የላይብረሪ ሳይሆን የሂፕ (ፕሮግራሙ ሲሠራ ዳታውን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ) ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘውም ይኼንኑ ነው።

መፍትሔው አፕሊኬሽኑን ከፎርክ በፊት፣ ማለትም ወላጁ ፕሮሰስ ራሱን ቀድቶ ልጆቹን ወርከሮች ከመፍጠሩ በፊት፣ መጫን ነው፤ ጉኒኮርን ላይ ፕሪሎድ የሚባለው አማራጭ። የዳታቤዝ ግንኙነት ግን ከፎርክ በኋላ ብቻ ይከፈት፤ አለበለዚያ ወርከሮቹ አንድ ሶኬት ላይ ይራኮታሉ። ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ደግሞ ጋርቤጅ ኮሌክተሩን (የማያስፈልግ ኦብጀክት የሚያጸዳውን) ወላጁ ላይ ቀድመው ያጥፉ፣ ልክ ከፎርኩ በፊት ጂሲ ፍሪዝን (ያሉትን ኦብጀክቶች ኮሌክተሩ እንዳይነካቸው የሚያደርገውን) ይጥሩ፣ ልጁ ላይ መልሰው ያብሩ። ይህም ሆኖ ፒኤስኤስ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ፓይተን የማጣቀሻ ቆጠራውን ኦብጀክቱ ላይ ስለሚጽፍ ማንበብ ብቻውን ፔጁን ያስቀዳል። ማክስ ሪኩዌስትስ (አንድ ወርከር የሚያስተናግደው የጥያቄ ጣሪያ) ቢያስቀምጡ ያረጀው ወርከር ወጥቶ አዲስ ፎርክ ይተካዋል።

ፎርክ ዋጋ አለው፦ ልጆቹ ሁሉ የወላጁን የአድራሻ አቀማመጥ ይወርሳሉ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው በዚያው አቀማመጥ ስለሚነሣ አጥቂ እየደጋገመ መገመት ይችላል። ወርከር በሴግፎልት (በተሳሳተ የሜሞሪ አድራሻ ምክንያት) ሲሞት ሎግ ላይ ካዩ ወላጁንም ሪስታርት ያድርጉ።

ኬኤስኤምም (ተመሳሳይ ይዘት ያላቸውን ፔጆች የሚያዋህደው የከርነል አገልግሎት) ይቅርብዎ። ፕሮግራሙ ካልጠየቀ ፔጅ አያዋህድም፤ ሲያዋህድም የተዋሃደ ፔጅ ላይ መጻፍ ስለሚዘገይ፣ ያ መዘግየት የሌላውን ሜሞሪ ለማወቅ ይጠቅማል። ቪኤምዌር በ2014 በቨርቹዋል ማሽኖች መካከል ፔጅ መጋራትን በነባሪ ያጠፋው ለዚህ ዓይነት ስጋት ነው።

ዲባግ ለማድረግ ቋሚ አድራሻ ካስፈለገ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ሴትአርክ የሚባለውን ትእዛዝ በትልቁ አር አማራጭ ይጠቀሙ። ራንደማይዝ_ቪኤ_ስፔስን አስቀድመው 0 አድርገውት ከሆነ ወደ 2 መልሱና ጉኒኮርንን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ያስነሡ፤ ለውጡ አዲስ የሚነሣ ፕሮግራም ላይ እንጂ እየሠራ ባለው ላይ አይደርስም።